የኖላዊት ሰዓት

በብሎክ አሥራ አራት የትንፋሽ ተራ የያዘ ሰው በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጠለጥላል። ጨርቁን ያየ አያንኳኳም፣ ደረጃው ላይ አይጮህም፣ ልጆችም ኳሳቸውን ይዘው ወደ ብሎክ አሥራ አምስት ይሄዳሉ። ሰላምታ እንኳ በእጅ ነው። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሦስት መቶ ሰሃን አለው፤ አሁን አሁን ግን ዋናው ሥራው ትንፋሽ መጠበቅ ሆኗል።

በምጥ የወለደች ሴት በዚህ ሰፈር ከታየች ሃያ ዓመት አልፏል። ልጅ በቀጠሮ ይመጣል። ሴትየዋ በተቆረጠላት ቀን በእግሯ ሆስፒታል ትገባለች፣ ሆዷ ደንዝዞ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ወገቧ ላይ መርፌ ትወጋለች። መርፌው ሕመሙን አንድ ቀን ሙሉ ያጠፋዋል፤ አንዳንዴ ግን ከሕመሙ ጋር ትንፋሹንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ለሃያ አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ድሮ ነርሶች ነበሩ አሉ የሚቆጥሩት። ዛሬ ለሦስት ፎቅ አንዲት ሲስተር ናት፣ ቆጠራውም ለዕድር ተሰጥቷል። አሥራ ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ጠባቂ የሌላት ወላድ መርፌውን አታገኝም፣ ክኒን ይሰጧታል። የሥጋ ዘመድ አይመደብም። ዘመድ ይደነግጣል ይላል መመሪያው።

ከወላዷ ጡት በታች አንዲት ክብ ነገር ትለጠፋለች። ሰዉ «ሳንቲም» ይላታል፣ ሳንቲም በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ባይኖርም። ሳንቲሟ ወላዷ በደቂቃ ስንቴ እንደምትተነፍስ ትቆጥራለች፣ ቁጥሩ ተረኛው ስልክ ላይ ይወጣል። ቁጥር ብቻ ነው፣ ፊት አይታይም፤ ለሴቶቹ ክብር ሲባል ነው ተብሏል። ከስምንት ከወረደ ተረኛው «ጥሪ» የሚለውን ይነካል። ያን ጊዜ አልጋው ራሱ ማርከሻ ይወጋታል። ማርከሻው ትንፋሿን ይመልሳል፣ ግን ሕመሙንም ባንድ ጊዜ ይመልሰዋል። ጥሪ ሲደረግ ደግሞ የክፍሉ ድምፅ በዕድርተኛው ስልክ ሁሉ ላይ ይከፈታል። ሰው እንዲማርበት ነው ይላሉ።

ጥሪው ያለ ምክንያት ከሆነ ሐሰተኛ ተብሎ ይመዘገባል። በዓመት ሦስት ሐሰተኛ ጥሪ ያለበት ዕድር ለሁለት ዓመት ይታገዳል። በእገዳው ውስጥ የምትወልድ የዚያ ዕድር ሴት ሁሉ በክኒን ትችለዋለች፣ ወይም አትችለውም።

ሜላት ስፌት ሠሪ ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መጀመሪያ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በዚህ ዓመት ሁለተኛውን ሐሰተኛ ጥሪ ያደረገችው እሷ ናት። በጥቅምት የረድኤት ልጅ ወልዳ ስልኩ ስድስት አለ፤ ሜላት ወዲያው ጥሪውን ነካችው። ለካስ ልጅቷ በጎኗ ስትገላበጥ ሳንቲሟ ተላቃ ኖሯል። ከዚያ የተሰማውን ጩኸት ብሎኩ በሙሉ ሰምቶታል። ረድኤት እስከ ዛሬ ሜላትን ስታይ መንገድ ትሻገራለች።

ሜላት ሕመሙን ታውቀዋለች። ልጇን ሩሐማን ስትወልድ ዕድሩ እገዳ ላይ ነበር። ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሳል በመጣባት ቁጥር የአልጋውን ብረት ትጨብጥ ነበር። አሁንም ጉንፋን ሲይዛት እጇ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። ሩሐማ ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

እንግዲህ የፌቨን ልጅ ኖላዊት በወለደች ማግስት፣ ማክሰኞ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ተራው የሜላት ነበር። ፌቨን ፊት ለፊት ባለው ክንፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ከሜላት ጋር በአንድ ቀን ነው ቁልፍ የተረከቡት። እናት ስለሆነች ቁጥሩን ማየት አይፈቀድላትም። ምን ታድርግ፣ ከጠዋት ጀምራ በረንዳዋ ላይ ቆማ የሜላትን መስኮት ታያለች። ሜላትም መጋረጃዋን ከፍታላት የተማሪ ዩኒፎርም ዚፕ ትቀይራለች፣ ስልኩ ከስፌት መኪናው ጎን ተደግፎ ቆሟል።

አሥራ አራት። አሥራ ሦስት። ተራ የያዘ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ከቁጥሩ ጋር ነው የሚተነፍሰው፤ ሜላትም አሥራ ሁለት ሲል ትከሻዋ ረገብ አለ። ከዚያ አሥር፣ ዘጠኝ። መርፌውን ከዚፑ ሳትነቅል እጇን አቆመች። አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ሲል ሰባት ሆነ።

ፌቨን በረንዳው ላይ ናት። ሜላት ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳ ጋሽ ኪሩቤል ጋ ደወለች። ጋሽ ኪሩቤል የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ኪሩቤል የሕፃን ስም በነበረበት ዘመን የተወለዱ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ ሰባት ሆነች።»

«ሳንቲሟ ትሆናለቻ።»

«ካልሆነችስ?»

«እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል። ሌሊቱን አሥራ አራት ነው ያደረችው፣ እኔው ነኝ የጠበቅኳት። አራስ ስትተኛ እሰይ ነው የሚባለው፣ ምን ያስቀሰቅስሻል? ለመሆኑ ሩሐማ ቀጠሮዋ መቼ ነበር?»

«የሚመጣው ወር በአሥራ ሁለት።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የኔ ልጅ።» ስልኩን ዘጉት። ጋሽ ኪሩቤል ኃላፊነት ሲመጣ ሌላው ሰው አዋቂ እንዲሆን ደግነታቸው ወሰን የለውም።

ስድስት። ሜላት ጣቷን ቁልፉ አጠገብ አደረገች። የረድኤት ልጅ ጩኸት ጆሮዋ ላይ ነበር፣ የሩሐማም ፊት ነበር። ተላቃ ነው፣ ተላቃ ነው፣ በጥቅምትም ልክ እንዲህ ነበር አለች። አምስት። ወይኔ አምላኬ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋና ሰረዝ ብቻ ሆነ። በቃ፣ የመጣው ይምጣ ብላ እጇን አንስታ ነበር። ቢያንስ ለራሷ እንደዚያ ትምላለች።

ልክ አራት ተኩል ላይ ስልኩ ሠላሳ ስምንት አለ።

«እሰይ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። «እሰይ የኔ ቆንጆ! ገደልሽኝ እኮ!» ሥልጠናው ላይ የተነገራቸው ግልጽ ነው፦ ዝቅ ካለ አደጋ ነው፣ ከፍ ካለ ግን አልቅሳ ወይ ልጇን አቅፋ ነው፣ አትጨነቁ። በአራት ተኩል ደግሞ ሰው የማይገፋው የሆስፒታሉ ጋሪ ሕፃናቱን እያዞረ በየእናታቸው ደረት ላይ እንደሚያስተኛቸው ሁሉም ያውቃል። ሜላት ወደ መስኮቱ ሄዳ ሁለት እጆቿን አጣጥፋ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለፌቨን አወዛወዘችላት። ፌቨን አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ከዚያ ለቀቀችው። እልልታዋን የሰሙ ጎረቤቶች ነጩን ጨርቅ ረስተው ከየበረንዳው ተቀበሏት።

ቀሪውን ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ፣ አርባ እያለ ቆየ። ሜላት ዚፑን ጨረሰች፣ ሁለተኛውንም ጀመረች፣ በስድስት ሰዓትም ለሚቀጥለው ተረኛ አስረከበች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተሯ በዙርዋ ስትደርስ ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እናቱ ከሥሩ ቀዝቅዛለች። በዚያን ሰዓትም ስልኩ አርባ ይል ነበር።

ለፌቨን ደም ፈሷት ነው ተባለ። ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ፣ ሰሃኑን አወጣ። ሜላት በድንኳኑ ውስጥ ስትዘዋወር ፌቨን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እስከ መጨረሻው ያየሻት አንቺ ነሽ» አለቻት፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቶ። «ልጇን አቅፋ ነበር፣ አይደል?»

«አቅፋ ነበር።»

«ተመስገን። እሱን እንኳ አይታ ሄደች። እልል ማለቴ ሁሌ ትዝ ይለኛል፣ ሜላትዬ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ እሱም ቀርቶብኝ ነበር።»

ሜላት ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ጓዳ ገብታ እስኪመሽ ሰሃን አጠበች።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ኪሩቤል ሜላትን ቤታቸው አስጠርተው በሩን ዘጉና ከሆስፒታሉ የመጣ ደብዳቤ አሳዩዋት። አጭር ነበር። «መሣሪያው ትንፋሽ ቆጥሯል። ትንፋሹ የእናት ይሁን የሕፃን መለየት የመሣሪያው ተግባር አይደለም። ከ4፡19 እስከ 4፡30 ዝቅተኛ ቁጥር የታየ ሲሆን ጥሪ አልተደረገም። በዕድሩ ላይ የተመዘገበ አዲስ ሐሰተኛ ጥሪ ስለሌለ ደረጃው እንደተጠበቀ ይቆያል።»

ሜላት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የሕፃኑ ነበር?» አለች። «አርባው የሕፃኑ ነበር?»

«ለፌቨን አንነግራትም» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ ደብዳቤውን እያጠፉ። «አንዴ ቀብራለች። እንደገና ምን አስቀበራት? ቁስል ነው፣ አይነካካም።» ደብዳቤውን የዕድሩ ሰሃን ያለበት ሳጥን ውስጥ ከታች አስገቡት። ሜላት እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷ ደግሞ ራሷን አስጠላት። ቤቷ ገብታ የስፌት መኪናውን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ጓዳ አዞረችው።

ከዚያ የሩሐማ ቀን ደረሰ። ተራ ለማውጣት ዕድርተኛው በጋራ ቤቱ ሲሰበሰብ ፌቨን ጥቁሯን ለብሳ መጣች። ማንም አልጠበቃትም። ዕጣው ሳይወጣ እጇን አነሳች።

«በማግስቱ ከአራት እስከ ስድስት ያለውን ለኔ ስጡኝ።»

«ፌቨን፣ ሐዘንተኛ ተራ አይወጣለትም እኮ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

«የኖላዊት ሰዓት ነው። የሜላት ልጅ የኔም ልጅ ናት፣ ደህና ሆና ትውጣልኝ። ስጡኝ።»

ማን እንቢ ይላታል? ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አንዳንዱም መረቃት። ጋሽ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠራርገው ከስድስት እስከ ስምንት ያለውን ለራሳቸው ያዙ። ሜላት ለምን እንደሆነ ገባት። ሕፃኑ ደረቷ ላይ በሚተኛበት ሰዓት ጠባቂዎቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያውቃል፣ አንዷ አታውቅም።

ከስብሰባው ሲወጡ ተከተለቻቸው። «ጋሼ፣ ፌቨን አርባ ስታይ እልል ነው የምትለው። ይንገሯት።»

«ይህን ስነግራት አንቺ ሰባት አይተሽ ዝም ማለትሽንም ነው የምነግራት።»

«እኔ ብቻ ነኝ ዝም ያልኩት?»

«ስልኩ ያለው አንቺ እጅ ነበር፣ የኔ ልጅ።» ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።

ሁለት ቀን አሰበችበት። ካልነገረቻት ሩሐማ እንደ ኖላዊት ልታሸልብ ትችላለች፣ ፌቨንም በደስታ ታያታለች። ከነገረቻት ደግሞ የሩሐማን ትንፋሽ ልጇን ላስገደለችባት ሴት ጣት ሰጥታ ትመለሳለች። ሌላ ተረኛ እንዲቀየር ብትጠይቅ ምክንያቷን ይጠይቋታል። ቀኑ ደርሶ ሩሐማ ገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ መርፌዋን ተወጋች፣ ሌሊቱም በሰላም አለፈ። ሜላት ግን አልተኛችም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ነጩ ጨርቅ ቀድሞ ተንጠልጥሏል። በዕድሩ ደንብ ዘመድ የተረኛን በር አያንኳኳም። አንኳኳች።

ፌቨን ከፈተች፣ ስልኩ በእጇ ነው። «ምነው? ምን ሆንሽ? ግቢ፣ ፊትሽ ጠቁሯል።»

«አልገባም። ቆሜ ልንገርሽ፣ ፌቨን፣ ከተቀመጥኩ አልችልም።» የበሩን ጉበን ያዘች። «አርባ ካየሽ የሩሐማ አይደለም። የሕፃኑ ነው። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ሲተኛ ሳንቲሟ የሱን ነው የምትቆጥረው። አርባ ካየሽ ጥሪ። ደስ አይበልሽ፣ ጥሪ።»

«በምን አወቅሽ?»

ፌቨን ትጠብቃታለች። ከታች አንዱ ባጃጅ አስነሥቶ ሄደ።

«ኖላዊት ደም አልፈሰሳትም። ሰባት ሆና ነበር። አየኋት። ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አምስት። ጥሪውን አልነካሁም። ሦስተኛ እንዳይሆንብን ብዬ፣ ሩሐማ መርፌ እንዳታጣብኝ ብዬ። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ሲል ነቃች ብዬ…»

ፌቨን አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ሜላት ይህን ሁሉ ጠብቃ ነበር የመጣችው። ፌቨን ስልኩን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ሰባት ያለው?»

«አራት ከአሥራ ዘጠኝ።»

«እስከ ሠላሳ ስምንቱ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«እልል ስል ሞታ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ሜላት። ከዚያ ግን መዋሸት ሰለቻት። «ይመስለኛል፣ ፌቨን።»

ፌቨን ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ሰው የቤት ቁጥር ሲነግራት እንደምታደርገው። «ሂጂ። ተራዬ ደርሷል።» በሩን ዘጋችው።

ሜላት አልሄደችም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩን ማየት አትችልም፣ ከበሩ ጀርባም ድምፅ አይሰማም። ይህች ሴት ዝም ብላ ብትቀመጥ ማን ይፈርድባታል? አንድ ጣት አለማንሳት ነው፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሜላት ራሷ ታውቀዋለች እንዴት ቀላል እንደሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከአሥር። አራተኛ ፎቅ የምትኖረው የስድስት ወር እርጉዝ ዘይነባ ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ አይታት ልትጠይቃት አሰበች፣ ጨርቁን ስታይ ግን በእጇ ብቻ «አብሽሪ» ብላት አለፈች።

አራት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ የሜላት ስልክ ጮኸ። የዘይነባም ከበላይዋ ጮኸ፣ ከታችም ከላይም የብሎኩ ስልክ ሁሉ ጮኸ። ጥሪ። ከዚያ የክፍሉ ድምፅ ተከፈተ። መጀመሪያ እንቅልፍ ያልለቀቀው ማጉረምረም ነበር፣ ከዚያ የሩሐማ ጩኸት ደረጃውን ሞላው። «እማዬ! እማ! ሆዴን! ኧረ ሆዴን!» ሜላት የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች። ልጇ በጩኸቷ መሐል አየር ትስባለች፤ ሜላት ትሰማታለች፣ ትቆጥርላታለች፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። እንባዋ ይወርዳል፣ መቁጠሩን ግን አላቋረጠችም።

ጋሽ ኪሩቤል በነጠላ ጫማቸው እያለከለኩ ደረሱ፣ ዕድርተኛውም ከኋላቸው። ጥሪ ከተደረገ ቁጥሩ በሊቀመንበሩ ስልክ ላይም ይወጣል። በሩን በጡጫቸው ደበደቡት።

«ፌቨን! አሥራ አራት ነው የሚለው! አሥራ አራት ላይ ጥሪ ይደረጋል? ሕፃኑ እንኳ ገና አልመጣም! ሦስተኛችን ነው ይሄ፣ ሁለት ዓመት ታገድን፣ ገባሽ? ሁለት ዓመት!» ዘይነባ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ሆዷን ያዘች። ማንም ወደ እሷ አላየም።

ፌቨን በሩን ከፈተች። ከእጇ ስልክ የሩሐማ ጩኸት ይወጣል። ጋሽ ኪሩቤልን አየቻቸው፣ ሜላትንም አየቻት።

«ደህና ነበረች እኮ!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ለማን ብለሽ ነው የጠራሽው?»

«ለኖላዊት» አለች። ነጩን ጨርቅ ቀና አድርጋ ከበሩ ላይ አስተካከለችና መልሳ ዘጋችው። ተራዋ ገና አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር።